አቀንጭራ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ ታዲያ የማሽላውን ሥር ምን ፈልጎ ነው የሚጠባው?

የገንደቆሬ ልጅ (ሰኞ ምሽት)
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ነገር ላስቸግራችሁ።

አጎቴ ፈዲስ አካባቢ ማሽላ ያርሳል። ዘንድሮ ማሳው ላይ አቀንጭራ ነግሷል። ሐምራዊ አበባው ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ማሽላው ግን ቁመቱ ከወገብ አላለፈም። ዝናብ በዘነበ ማግስት እንኳ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ነው የሚታየው።

ግራ የገባኝ ይሄ ነው። አቀንጭራው አረንጓዴ ቅጠል አለው። ትምህርት ቤት የተማርነው አረንጓዴ ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ራሱ ይሠራል ተብለን ነው። ፀሐይ ደግሞ እዚህ አገር ሞልቷል። ታዲያ ራሱን መመገብ የሚችል ተክል የሌላውን ሥር ለምን ይይዛል? አጎቴ ደግሞ «አቀንጭራው ከመሬት ሳይወጣ ነው ማሽላዬ የታመመው» ይላል። ይሄስ ይሆናል? የምታውቁ ንገሩኝ።

ሳቢያን 04 (ሰኞ ምሽት)
አቦ፣ ያ ማሽላ እኮ ውሃ አጥቶ ነው። የፈዲስን ዝናብ እናውቀዋለን። አቀንጭራ ደካማ መሬት ይወዳል። መሬቱ ደካማ ስለሆነ ማሽላውም አያድግም። ሁለቱ አንድ ቦታ ታዩ እንጂ አንዱ ሌላውን ጎዳ ማለት አይደለም።

መምህር ዘሐረር (ማክሰኞ ጠዋት)
የገንደቆሬው ልጅ፣ አጎትህ ልክ ናቸው። የጥያቄህን መልስ ግማሽ ያህሉን እሳቸው ሰጥተውሃል።

ከዘሩ እንጀምር። የአቀንጭራ ዘር የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ እንኳ አይሞላም። አንድ ተክል በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይሰጣል። ዘሩም አፈር ውስጥ ከአስር ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ይህን ያህል ትንሽ ዘር ግን ስንቅ የለውም። የማሽላ ፍሬ ውስጥ ስታርች አለ፤ ቡቃያው ቅጠል አውጥቶ ፀሐይ እስኪያገኝ በዚያ ይኖራል። አቀንጭራ ከበቀለ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚይዘው ሥር ካላገኘ ይሞታል።

ስለዚህ ዝም ብሎ አይበቅልም። እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በኋላ ምልክት ይጠብቃል። ምልክቱ የማሽላው ሥር ወደ አፈር የሚለቀው ስትራይጎላክቶን የሚባል ኬሚካል ነው። ያንን ሲያገኝ ይነቃል፣ ወደ ሥሩ ያድጋል። ሲደርስ ሃውስቶሪየም የሚባል አካል ያበጃል። ሃውስቶሪየሙ የሥሩን ቆዳ አልፎ ይገባና ውሃ ከሚያመላልሰው ዛይለም ጋር ይገጥማል።

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት የሚኖረው መሬት ውስጥ ነው። ብርሃን የለም፣ ስለዚህ ፎቶሲንተሲስም፣ ማለትም በብርሃን ምግብ መሥራትም፣ የለም። ካርቦኑም፣ ውሃውም፣ ናይትሮጅኑም ከማሽላው ነው። በእነዚያ ሳምንታት ሙሉ በሙሉ ጥገኛ ነው። አጎትህ የነገሩህ ይህንን ነው። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚደርሰው አቀንጭራውን ማንም ሳያየው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ፎቶሲንተሲስ ስኳር ይሰጣል እንጂ ሁሉን አይሰጥም። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ከአፈር ነው የሚመጡት። አቀንጭራ እነዚህን ከአፈር በበቂ የሚሰበስብ ጠንካራ ሥር የለውም። ስለዚህ አረንጓዴ መሆኑ ብቻውን አያኖረውም። በዓለም ላይ ከ4,000 በላይ ጥገኛ የአበባ ተክሎች አሉ። አብዛኞቹ አረንጓዴ ናቸው።

ኢክራም ጀጎል (ማክሰኞ ከሰዓት)
መምህር፣ እርስዎ ካሉት ላይ ልጨምር። እኔ ሐረማያ እፅዋት ሳይንስ ነው የምማረው። በጣም የገረመኝ ከመሬት ከወጣ በኋላ ያለው ነው።

ሰው «ቅጠል ካወጣ በኋላ ራሱን ይችላል» ብሎ ያስባል። አይችልም። ክሎሮፊል የሚባለው አረንጓዴ ቀለም አለው፣ ፎቶሲንተሲስም ያካሂዳል፤ ፍጥነቱ ግን ዝቅተኛ ነው። በአንጻሩ አተነፋፈሱ ከፍተኛ ነው። አተነፋፈስ ስል ስኳር አቃጥሎ ኤቲፒ የሚባለውን የሕዋስ ጉልበት ማውጣቱን ነው። ቀን ከሠራው ብዙውን ራሱ ያቃጥለዋል። ገቢና ወጪው አይመጣጠንም፤ ጉድለቱን የሚሞላው ማሽላው ነው።

ይሄ የታወቀበት ዘዴ ግሩም ነው። ማሽላና አቀንጭራ ካርቦን የሚይዙበት መንገድ ይለያያል። ማሽላ እንደ በቆሎና ሸንኮራ አገዳ ሲ4 የሚባለው ዓይነት ነው። አቀንጭራ እንደ ስንዴና ባቄላ ሲ3 የሚባለው ነው። አየር ውስጥ ካለው ካርቦን ከመቶ አንድ ያህሉ ከበድ ያለው ካርቦን 13 ነው። ሲ3 ተክሎች ከባዱን ካርቦን ይበልጥ ይተዉታል። ሲ4ዎቹ ያን ያህል አይመርጡም። ስለዚህ ቅጠሉን መርምሮ ካርቦኑ ከየት እንደመጣ መለየት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ጥናት የአቀንጭራን ቅጠል በዚህ መንገድ መረመረ። ውጤቱ ራሱን ከቻለ ሲ3 ተክል የሚጠበቀው አልሆነም። ወደ ማሽላው ያጋደለ ነበር። ሲሰላ፣ እንደ አቀንጭራው ዝርያ፣ ከካርቦኑ ከ28 እስከ 35 በመቶው ከማሽላው የተወሰደ ሆኖ ተገኘ። ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ቅጠሉን ዘርግቶ፣ ሲሶው የተሠራው ከማሽላ ነው።

ሳቢያን 04 (ማክሰኞ ምሽት)
እሺ ኢክራም፣ ይሄ ገባኝ። ሒሳቡ ግን አልሞላልኝም። አቀንጭራ ስንት ይሆናል? ጉልበት የሚደርስ ተክል ነው። የኛ ማሽላ ደግሞ ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል። የዚያን ትንሽ ተክል ሲሶ ካርቦን ቢሰጥ ለማሽላው ምኑ ነው? በዚህ ብቻ ማሽላ ከወገብ በታች አይቀርም።

ኢክራም ጀጎል (ማክሰኞ ምሽት)
ሳቢያን፣ ዋናውን ነገር ነው የጠየቅከው። በዚህ ክር ላይ ሰው አንድ ነገር ብቻ ይዞ ይሂድ ብባል የምመርጠው ይሄንን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 ተመራማሪዎች የማሽላንና የአቀንጭራን የካርቦን ገቢና ወጪ አስልተው ነበር። ማሽላው ካጣው እድገት ወደ አቀንጭራው በሄደው ካርቦን የሚብራራው 20 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። 80 በመቶው የመጣው የማሽላው የራሱ ፎቶሲንተሲስ በመውረዱ ነው። አቀንጭራው የተሠራውን ምግብ መውሰዱ ትንሹ ጉዳት ነው። ትልቁ ጉዳት ማሽላው ምግብ መሥራቱን እንዲያቆም ማድረጉ ነው።

እንዴት? ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅጠል ውስጥ የሚገባው ስቶማታ በሚባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። በዚያው ውሃ ይተናል። ድርቅ ሲሆን ተክል አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ያመርትና ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። አቀንጭራ የያዘው ማሽላ ውስጥ ይህ ሆርሞን ይጨምራል። ቀዳዳው ይዘጋል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይገባም። ፀሐዩ እያለ ቅጠሉ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ስለዚህ ድርቅ የመሰለህ ያለ ምክንያት አይደለም። አቀንጭራ የያዘው ማሽላ ዝናብ እያለም ውሃ ያጣ ተክል ጠባይ ነው የሚያሳየው።

አቀንጭራው ራሱ ግን ቀዳዳውን አይዘጋም። ሌሊትም ክፍት ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ቤት ቧንቧውን ቀንና ሌሊት ከፍቶ ሲተወው ለሌላው ቤት ጠብታ አይደርስም፤ ልክ እንደዚያ ነው። ከአቀንጭራው ቅጠል ውሃ በተነነ ቁጥር ከማሽላው ሥር ሌላ ውሃ ይሳባል። ከውሃው ጋር ናይትሮጅኑና አሚኖ አሲዱ ይመጣል። ቅጠሉ ውስጥ ፖታሲየምና ማኒቶል የሚባል ንጥረ ነገር ያከማቻል። እነሱም ውሃው ወደሱ እንዲሄድ ያግዛሉ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ምክንያቱን አገኙ። አቀንጭራ ውስጥ አብሲሲክ አሲድ አለ። ነገር ግን የሆርሞኑን ትእዛዝ የሚያግድ የተለወጠ ፕሮቲንም አለው። «ዝጋ» የሚለው መልእክት ቀዳዳው ጋ አይደርስም።

ፈዲስ ዲኤ (ረቡዕ ጠዋት)
የልማት ሠራተኛ ነኝ። ኢክራም የጻፈችው ማሳ ላይ በዓይን ይታያል። እንዴት እንደሚታይ ልንገራችሁ።

ማሽላው ከተዘራ ከአምስት ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ አቀንጭራ ከመሬት ሳይወጣ፣ ቅጠሉ እርጥበት እያለ የሚጠቀለል ማሽላ ፈልግ። ከአገዳው ራቅ ብለህ ዙሪያውን በዶማ ቆፍር። እንዳትነቅለው፤ ከነቀልከው ቀጫጭኑ ሥር ተበጥሶ አፈር ውስጥ ይቀራል። ከነአፈሩ አንሳና ባልዲ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው። አፈሩ በራሱ ጊዜ ይለቃል። በእጅህ አትፈትገው።

ከዚያ የማሽላው ሥር ላይ ነጫጭ ቡቃያዎች ታያለህ። የጣት ቁመት እንኳ የላቸውም። ቅጠላቸው ትንንሽ፣ ከግንዱ ጋር የተለጠፈ፣ አረንጓዴነት የሚባል የሌለው ነው። የተያያዙበት ቦታ አበጥ ብሎ ታገኘዋለህ። ብትጎትተው ቡቃያው ይቀነጠሳል እንጂ ከሥሩ አይላቀቅም። እዚያ ላይ ነው ሃውስቶሪየም የሚባለው ያለው።

አንዱም ከመሬት ሳይወጣ ብዙ ቡቃያ የተሸከመ ማሽላ አይቻለሁ። ገበሬው «ማሳዬ ንጹሕ ነው» ይልሃል። ላይ ላዩን ስታይ እውነቱን ነው።

የገንደቆሬ ልጅ (ረቡዕ ከሰዓት)
ታዲያ ያ ነጩ ነው ከመሬት ሲወጣ አረንጓዴ የሚሆነው?

ፈዲስ ዲኤ (ረቡዕ ከሰዓት)
አዎ። ብርሃን ሲያገኝ ክሎሮፊል ያበጃል። በቀናት ውስጥ ነው የሚለወጠው።

ፈላና በር (ረቡዕ ምሽት)
መምህር፣ እኔም አንድ ልጠይቅዎት። እኛ ሰፈር ያለ የቆየ ዛፍ ላይ ተቀጽላ አለ። ዛፉ ቅጠሉን ሲያራግፍ እሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ድሬ ስወርድ ደግሞ አጥር ላይ ቢጫ ክር የተጠመጠመ የሚመስል ተክል አይቻለሁ፤ ቅጠልም ሥርም የለውም። እነዚህም እንደ አቀንጭራ ናቸው?

መምህር ዘሐረር (ረቡዕ ምሽት)
ፈላና በር፣ አዎ፣ እነሱም ጥገኛ ናቸው፤ ዘመዳሞች ግን አይደሉም። ጥገኛ መሆን በአበባ ተክሎች ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ፣ በተለያየ ቤተሰብ ውስጥ የተፈጠረ ነው። ሁሉም ሃውስቶሪየም አላቸው። ጉልበት የሚያገኙበት መንገድ ግን በጣም ይለያያል።

ተቀጽላው ከቅርንጫፉ ዛይለም ውሃና ማዕድን ይወስዳል፣ ስኳሩን በአብዛኛው ራሱ ይሠራል። ቢጫው ክር ኩስኩታ ይባላል። ቅጠል የለውም፣ ሥሩም ከበቀለ በኋላ ወዲያው ይደርቃል። እሱ የሚገጥመው ከዛይለሙ ጋር ብቻ አይደለም። የተሠራውን ስኳር ከሚያመላልሰው ፍሎየም ጋርም ነው። ለዚህ ነው ያለ ቅጠል የሚኖረው። ክሎሮፊል ጨርሶ አላጣም፣ ጥቂት አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሥራ የኩስኩታ ቡቃያ ወደ ቲማቲም የሚያድገው ሽታውን ተከትሎ መሆኑን አሳይቷል።

ከዚህ አልፈው ፎቶሲንተሲስን ጨርሰው የተዉ አሉ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በዛፍ ሥር ላይ የሚኖር ኤፒፋገስ የሚባል ተክል አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 የክሎሮፕላስቱ፣ ማለትም ፎቶሲንተሲስ የሚካሄድበት የሕዋስ ክፍል፣ ዲኤንኤ ተነበበ። የትምባሆ ክሎሮፕላስት 156,000 ያህል የዲኤንኤ ፊደላት አሉት። የኤፒፋገስ 70,000 ብቻ ሆኖ ተገኘ። የፎቶሲንተሲስ ጂኖቹ ጠፍተዋል።

ልብ በሉ፣ ፎቶሲንተሲስ ባይኖርም ክሎሮፕላስቱ የነበረበት አካል አልጠፋም። ለምን? ያ አካል ስኳር ብቻ አይደለም የሚሠራው። የስብ አሲድ እዚያ ይሠራል፣ አሚኖ አሲዶችም ይሠራሉ። የሕዋስ ጉልበት ማመንጫ የሆነው ማይቶኮንድሪያ የሚፈልገው ሂም የሚባለው ነገር የሚጀመረውም እዚያ ነው። ስለዚህ ተክሉ ፀሐይን ቢተው እንኳ ያንን ቤት መዝጋት አይችልም። ደቡብ ምሥራቅ እስያ ውስጥ ያለችው ራፍሌዥያ ግን ከዚህም ሳትርቅ አልቀረችም። እ.ኤ.አ. በ2014 አንዷን ዝርያ የመረመሩ ሰዎች የክሎሮፕላስት ጂኖም (ሙሉ ዲኤንኤውን) ፈልገው አላገኙም።

ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን የአውሮፓው ተቀጽላ፣ ቪስኩም አልበም ነው። እንስሳም ተክልም ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ኤቲፒ ለመሥራት የመጀመሪያው ትልቅ የፕሮቲን ስብስብ ኮምፕሌክስ 1 ይባላል። ተማሪዎቼን ይህ የሌለው ተክልም እንስሳም የለም ብለን ነበር የምናስተምረው። ቪስኩም የለውም። ጂኖቹ መጥፋታቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ታወቀ። በ2018 ፕሮቲኑም አለመኖሩ ተረጋገጠ። ማይቶኮንድሪያው የሚያወጣው ኤቲፒ አነስተኛ ነው። ጉድለቱን ከማይቶኮንድሪያ ውጭ በሚካሄደው የስኳር መሰባበር ይሞላል። አረንጓዴ ነው፣ ፎቶሲንተሲስ አለው፤ የጎደለው ስኳር የማቃጠያው ክፍል ነው። አቀንጭራ ብዙ ያቃጥላል፤ ቪስኩም የማቃጠያውን አንድ ክፍል ጥሏል። ሁለቱም ጥገኛ ናቸው፣ ሁለቱም ይኖራሉ።

የባቢሌዋ (ሐሙስ ጠዋት)
እኔ የሳይንሱን ቃል አላውቀውም፣ የእናቴን ማሳ ግን አውቀዋለሁ። አቀንጭራ ሲበዛባት እዚያው ቦታ ላይ ለውዝ ትዘራለች። በቀጣዩ ዓመት ማሽላ ስትመልስበት አቀንጭራው ቀነስ ይላል። ለውዙ ምን አድርጎት ነው?

መምህር ዘሐረር (ሐሙስ ጠዋት)
የባቢሌዋ እህቴ፣ እናትሽ ዘሩን እያሳሳቱት ነው። የለውዝ ሥርም የአቀንጭራን ዘር ሊያነቃ ይችላል። ዘሩ ይበቅላል፣ ለውዙን ግን መያዝ አይችልም። ስንቅ ስለሌለው በቀናት ውስጥ ያልቃል። ጥጥና አኩሪ አተርም እንዲሁ ያደርጋሉ። እንዲያውም የመጀመሪያው ስትራይጎላክቶን እ.ኤ.አ. በ1966 የተገኘው ከጥጥ ሥር ነው፤ ጥጥን ደግሞ አቀንጭራ አይዘውም።

አሜሪካኖች ይህንኑ ሐሳብ በሌላ መንገድ ተጠቅመውበታል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሌላው የአቀንጭራ ዝርያ በካሮላይና ግዛቶች የበቆሎ ማሳ ላይ ተገኘ። ኢታይሊን ጋዝ ወደ አፈሩ አስገብተው ዘሩን የሚይዘው ተክል በሌለበት አበቀሉት። ያ ገንዘብና መሣሪያ ይጠይቃል። የሚፈራረቀው ለውዝ ግን ይበላል፣ ይሸጣል፣ መሬቱንም በናይትሮጅን ይረዳል።

ሳቢያን፣ መጀመሪያ ላይ ስለ ደካማ መሬት ያነሳኸው ነገር እዚህ ላይ ቦታ አለው። ማሽላ ስትራይጎላክቶን የሚለቀው አቀንጭራን ለመጥራት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እንደታየው፣ ፎስፈረስ ፈልጎ የሚያመጣለትን ጠቃሚ ፈንገስ ነው የሚጠራው። አፈሩ ፎስፈረስና ናይትሮጅን ሲያጣ ጥሪውን ያበዛል። አቀንጭራም ይህንኑ ጥሪ ይሰማል። ስለዚህ መሬት ሲራብ አቀንጭራ ይበዛል፣ አቀንጭራ ሲበዛ ማሽላው ይጎዳል። ሁለቱ አንድ ቦታ የሚታዩት በአጋጣሚ አይደለም። ፍግ ማብዛት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ሳቢያን 04 (ሐሙስ ከሰዓት)
ይሄ አሳምኖኛል መምህር፣ እናመሰግናለን። ጥሪውን የማያሰማ ማሽላ ቢዘራስ? እንደዚያ ያለ ዘር የለም?

ፈዲስ ዲኤ (ሐሙስ ምሽት)
አለ። የሠራውም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ዓለማያ ኮሌጅ፣ የአሁኑ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ተመርቀው አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ነው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ያዳቀሉት። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። እኛ አገር የገቡት ጎብዬና አብሽር የሚባሉት የማሽላ ዝርያዎች ከሥራቸው የወጡ ናቸው።

እነዚህ ዓይነት ማሽላዎች ዘሩን እምብዛም አያነቁም። እ.ኤ.አ. በ2017 ምክንያቱ ተገኘ። ኤልጂኤስ 1 የሚባል አንድ ጂን ሲበላሽ ማሽላው የሚለቀው የስትራይጎላክቶን ዓይነት ይለወጣል። አቀንጭራው አዲሱን ዓይነት እንደ ፊተኛው አይሰማውም። ጠቃሚው ፈንገስ ግን ይመጣል።

ገበሬው ለምን ሁሉም አልያዘውም ብትል ምክንያት አለው። አገዳቸው አጭር ነው። ሐረርጌ ውስጥ አገዳ የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። ሙይራ የሚባለውን ረጅሙን ማሽላ የለመደ ሰው አጭር ማሽላ አይወድም። እኔ ልክ ናቸው ነው የምለው። የኛን ረጅም ማሽላ አቀንጭራ እንዲቋቋም አድርጎ ማዳቀል ላይ ነው ብዙ መሠራት ያለበት። እስከዚያው ማሳውን ከፍሎ በጣም የተጠቃውን ቦታ ብቻ በጎብዬ መሸፈን ይቻላል። ይህንን የሞከሩ ገበሬዎች አውቃለሁ።

የገንደቆሬ ልጅ (ዓርብ ጠዋት)
ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። አንድ የመጨረሻ ነገር። አጎቴ «ምርቱ እንደሆነ ሄዷል፣ አሁን መንቀል ምን ያደርግልኛል» ብሎ ትቶታል። አበባው አሁን ሙሉ ነው። ምን ልበለው?

ፈዲስ ዲኤ (ዓርብ ጠዋት)
ለዘንድሮ ማሽላ ብዙም አይጠቅመውም፤ እሱ ልክ ነው። ጉዳቱ የደረሰው መሬት ውስጥ ነው፣ መምህርም አስረድተዋል። የሚነቀለው ዘሩ እንዳይወድቅ ነው። እያንዳንዱ ተክል የሚያራግፈው ለሚቀጥሉት ዓመታት ነው።

ስለዚህ እንዲህ በለው። አበባው ከታች ወደ ላይ ነው የሚደርቀው። ታች ያለው ጠቁሮ ከረጢቱ ሳይከፈት አሁኑኑ ይነቀል። ላብ የሚያስወጣ ሥራ ስለሆነ ሰው ይጥራ፣ አንተም ሄደህ አግዘው። የተነቀለውን ማሳ ዳር ከምሮ እንዳይተወው፤ ተነቅሎም ዘሩን ይጨርሳል። ከማሳው አውጥቶ ያቃጥለው። ለከብትም እንዳይሰጠው። ዘሩ በከብቱ ሆድ አልፎ በፍጉ ተመልሶ ማሳው ይገባል።

ለመጪው ዓመት የተጠቃውን ጥግ ለይቶ ለውዝ ወይም አደንጓሬ ይዝራበት። ስልኬን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ። ቁፋሮውን ማየት ከፈለገ መጥቼ አሳየዋለሁ።